ያውቁ ኖሯል? አሜሪካ የብራዚልን ጥጥ አምራቾች ትደጉም ነበር

ብራዚል፣ አሜሪካ ለገበሬዎቿ የምትሰጠው ድጎማ የዓለምን የጥጥ ዋጋ አውርዶብኛል ስትል እ.ኤ.አ. በ2002 ለዓለም ንግድ ድርጅት አቤት አለች፤ ተፈረደላትም። ድርጅቱ ግን ፍርዱን በግድ የሚያስፈጽምበት ኃይል የለውም። ለረቺው አገር የሚሰጠው የአጸፋ ፈቃድ ነው።

ብራዚልም በ2010 ከስንዴ እስከ መኪና 102 የአሜሪካ ሸቀጦችን ዘርዝራ ቀረጥ የምትጨምርበትን ቀን ቆረጠች። ዋሽንግተን ለድርድር የተቀመጠችው ያኔ ነው። ድጎማውን ወዲያው በማንሳት ፈንታ ለብራዚል ጥጥ ዘርፍ በዓመት 147.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች! ክርክሩ በ2014 በተጨማሪ 300 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ።

በክርክሩ በሦስተኛ ወገንነት የገቡት ጥጥ አምራቾቹ ቤኒንና ቻድ ግን አሜሪካን በቀረጥ የሚያስፈራሩበት ገበያ የላቸውም። የሥርዓቱ ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።