ከአቦል እስከ በረካ፦ ቡናችን፣ ጉበታችንና የልባችን ምት



ከዐስር ሶላት በኋላ በብዙዎቻችን ቤት ረከቦቱ ይቀርባል። ቡናው ተቆልቶ፣ ጭሱ በቤቱ ዞሮ፣ ጀበናው ከከሰሉ ላይ ሲወርድ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ወሬውም ይጀመራል። ከወሬው ውስጥ የጤና ጉዳይ አይጠፋም። አንዷ እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «ሰሞኑን ልቤ ድው ድው እያለ አስቸገረኝ» ሲሉ፣ ሌላዋ ቀበል አድርገው «ቡናውን ተዪው! የሱ ጣጣ ነው» ይላሉ። ሦስተኛዋ ደግሞ «የእህቴ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ወፍ ነው ብለው መድኃኒት ሊያጠጡት ወሰዱት» ይላሉ። በጓዳ በኩል ካለው ክፍል የወጣቶቹ የጫት ጨዋታ ይሰማል።

በዚህች አንዲት የቡና ሰዓት ውስጥ የተነሱት ነገሮች፣ ማለትም ቡናው፣ የልብ ምቱ፣ ጉበቱና ጫቱ፣ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ተመራማሪዎች አጥብቀው የመረመሯቸው ናቸው። ከተገኘው ውስጥ የለመድነውን የሚያጸና አለ፤ የለመድነውን የሚያፈርስም አለ። በዚህ ጽሑፋችን ሁለቱንም እንደ አቅማችን እናቀርባለን።

ቡናና የልብ ምት

ልባችን አራት ክፍሎች አሉት። የላይኞቹ ሁለት ክፍሎች ሥርዓት አጥተው ሲርገበገቡ የሚከሰተው የምት መዛባት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። አደጋው የልብ ድው ድው ማለቱ ብቻ አይደለም። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ደም ሳይንቀሳቀስ ሊረጋ፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድና ሰውየውን ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

ለብዙ ዓመታት ይህ ችግር ያለባቸው ሰዎች ቡና እንዲተዉ ሲመከሩ ኖረዋል። ነገሩ እውነት መሆኑን ለማጣራት በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ ሆስፒታሎች የተደረገ አንድ ሙከራ ውጤቱ እ.አ.አ. በ2025 ታትሟል። በሙከራው 200 ሕሙማን ተካፍለዋል። ሁሉም ቀደም ሲል ቡና ይጠጡ የነበሩ፣ የልባቸው ምት ተዛብቶ በኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ ትክክለኛው የሚመለስላቸው ናቸው። ግማሾቹ በቀን ቢያንስ አንድ ስኒ እንዲጠጡ፣ ግማሾቹ ደግሞ ቡና ፈጽሞ እንዲተዉ ተደረገና ስድስት ወር ተጠበቀ። ችግሩ የተመለሰባቸው ከጠጪዎቹ መካከል ከመቶ 47ቱ ላይ ሲሆን፣ ከተዉት መካከል ግን ከመቶ 64ቱ ላይ ነበር። ቡናው ጎጂ ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ የተሻለ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ «እንደ ልባችሁ ጠጡ» ማለት አይደለም። እ.አ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ሙከራ 100 ጤነኛ ሰዎችን የልብ መቆጣጠሪያ አስሮ ለሁለት ሳምንት ተከታትሎ ነበር። ሰዎቹ ቡና በጠጡባቸው ቀናት ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሳ ያለጊዜው የሚመጣ ምት ይህን ያህል አልጨመረም፤ ከታችኛው ክፍል የሚነሳው ግን ጨምሯል። በእነዚያ ቀናት ሰዎቹ ወደ 1,000 እርምጃ ያህል አብልጠው ተራምደዋል፤ በሌላ በኩል እንቅልፋቸው በ36 ደቂቃ ገደማ ቀንሷል። ስለዚህ ማታ ከዒሻእ በኋላ ስኒ የሚያነሳ ሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ ቢያድር ምክንያቱን ሩቅ አይፈልግ።

ልቧ የሚመታባት እናት ግን ቡናዋን ተወችም አልተወችም አንድ ነገር ማድረግ ይገባታል፤ ይኸውም የልብ ምርመራ ማድረግ ነው። በአገራችን በልጅነት ከሚደጋገም የጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በሮችን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ ብዙ ወጣቶችን ይጎዳል፤ የምት መዛባትንም ያስከትላል። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሕሙማን ደም እንዳይረጋ ቆየት ያለው ዋርፋሪን ይሻላል ወይስ አዲሱ ሪቫሮክሳባን የሚለው ጥያቄ በ24 አገሮች ከ4,500 በላይ ሕሙማንን ባሳተፈ ጥናት ተፈትኗል። እ.አ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት አሮጌው መድኃኒት ሕይወትን በማትረፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። አዲስ የሆነ ሁሉ የተሻለ አይደለምና ሐኪም ያዘዘውን ዋርፋሪን «ጊዜው ያለፈበት ነው» ብሎ መተው አይገባም። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው ማስመርመር አለበት። ጎመንን በተመለከተም፣ ጎመን ከመድኃኒቱ ጋር የሚጋፋ ቫይታሚን ኬ ስላለው አንድ ሳምንት አብዝቶ በልቶ በሌላው ሳምንት ጨርሶ መተው ሚዛኑን ያናጋዋል። ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን መብላት ነው የሚሻለው።

ቡናና ጉበት

ጉበትን በተመለከተ ዜናው ደስ ያሰኛል። በብሪታንያ ከ490,000 በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለና እ.አ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ቡና ጠጪዎች ከማይጠጡት ይልቅ ሥር በሰደደ የጉበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ21 ከመቶ ያነሰ ሆኖ እንዳገኘ ዘግቧል። በዚሁ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ49 ከመቶ ዝቅ ብሏል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በቀን ሦስትና አራት ስኒ በሚጠጡት ላይ ነው። እነሱ ስኒ የሚሉት ከኛ ስኒ እንደሚበልጥ ግን ልብ ይሏል። ይህ ጥናት ሰዎችን በመከታተል የተገኘ እንጂ በሙከራ የተረጋገጠ ስላልሆነ «ቡና የጉበት መድኃኒት ነው» አያሰኝም፤ ቡና የጉበት ጠላት አለመሆኑን ግን በሚገባ ያመለክታል።

ሦስት ነገሮችን እዚህ ላይ እናስታውስ። አንደኛ፣ በጀበና የሚፈላ ቡና በወረቀት ስለማይጠለል ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ካፌስቶል የተባለ ቅባት ይቀርበታል፤ ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሰዎች ይህን ለሐኪማቸው ያንሱ። ሁለተኛ፣ ቡናም ሆነ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከምስርና ከሽሮ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን በሚገባ እንዳይወስድ ያደርጋል። ነፍሰ ጡር እናቶችና ደም ማነስ ያለባቸው ከምግብ ሰዓት አርቀው ቢጠጡ ይበጃል፤ ነፍሰ ጡር ከሆኑም መጠኑን መቀነስ ይገባል። ሦስተኛውና ዋናው ስኳሩ ነው። ሦስት ስኒ ጠጥቶ በእያንዳንዱ ሁለት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው በአንድ ተቀምጦ ስድስት ማንኪያ ወሰደ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ቀን ሙሉ ቢበቃ የሚመርጠው መጠን ከዚህ ብዙም አይበልጥም። በአንድ የ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥም 30 ግራም ያህል ስኳር አለ።

ትርፍ ስኳርና ትርፍ ምግብ በጉበት ውስጥ ስብ ሆኖ ይከማቻል። አልኮል በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰውም በዚህ የተነሳ ጉበቱ ሊጠባሰስና ሊኮማተር ይችላል። «እኔ መጠጥ አልጠጣም፤ ጉበቴ ምን ይሆናል?» የሚለው መተማመኛ ስለዚህ አይበቃም። ደግነቱ መመለሻ መንገድ አለው። በኩባ 293 ሕሙማንን ለአንድ ዓመት የተከታተለና እ.አ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ከክብደታቸው 10 ከመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሱት መካከል በ90 ከመቶዎቹ ላይ የጉበቱ ብግነት መጥፋቱን፣ በ45 ከመቶዎቹ ላይ ደግሞ ጠባሳው ራሱ መቀነሱን አሳይቷል። ለዚህ በሽታ የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.አ.አ. በ2024 ነው። ምግብን መመጠንና መራመድ ግን ከሱ በፊትም ነበሩ፤ ዋጋቸውም የሁሉንም ኪስ ይችላል።

ከጓዳው በኩል

አሁን ደግሞ ወደ ወጣቶቹ ክፍል እንግባ። በሐረር ከተማ ሁለት ሆስፒታሎች የተካሄደና እ.አ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 150 ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ከ300 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ውጤቱም በወንዶች ላይ ጫት በመቃም ብዛትና ዘመን ልክ የጉበት በሽታ አደጋ እየጨመረ እንደሚሄድ ያሳያል። ከየመን ሰንዓ እ.አ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት ደግሞ ጫት የሚቅሙ ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመመታት ዕድላቸው ከማይቅሙት እንደሚበልጥ፣ አብዝተው በሚቅሙት ላይም እጅግ እንደሚጨምር አሳይቷል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብን ምት ያፈጥናል፤ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል።

ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በጫት የሚተዳደሩ ገበሬዎችና ቤተሰቦች ብዙ መሆናቸውን፣ በጨዋታው ዙሪያም ወዳጅነት እንዳለ እናውቃለን። ሆኖም አንድ ወጣት «ጫት እኮ ቅጠል ነው፤ ምን ያደርጋል?» ሲል ዝም ብለን ማለፍ አይገባንም። ጉበት ሲታመም ቶሎ አይጮህም፤ ምልክቱ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከተጎዳ በኋላ ነው።

«ወፍ ነው» ስንል

ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሲሆን በአገራችን የወፍ በሽታ ይባላል፤ የሌሊት ወፍ በላዩ ስላለፈ ነው የሚሉም አሉ። እውነቱ ግን ቢጫ መሆን በሽታው ራሱ ሳይሆን የጉበት ወይም የሐሞት ወይም የደም ችግር ምልክት ነው። ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱ ሄፓታይተስ የተባሉት ቫይረሶች ናቸው። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ዘገባ እ.አ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ሄፓታይተስ ቢ፣ 50 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ ነበረባቸው። በዚያው ዓመት 1.3 ሚሊዮን ሰዎች በሄፓታይተስ ሞተዋል።

ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ በሚዋጥ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ከመቶ ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑት ከቫይረሱ ነፃ ይወጣሉ። ሄፓታይተስ ቢን ጨርሶ የሚያጠፋ መድኃኒት ባይኖርም የሚገታው አለ፤ የሚከላከለው ክትባትም አለ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.አ.አ. በ2015 የተጀመረው የሕክምና ፕሮግራም ከ1,300 በላይ ሕሙማንን መዝግቦ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት መድኃኒት የጀመሩት ሩብ ያህሉ ናቸው። ከዚህ የምንማረው፣ ቫይረሱ ተገኘብህ የተባለ ሰው ሁሉ ወዲያው መድኃኒት እንደማያስፈልገው፣ ክትትል ግን ለሁሉም እንደሚያስፈልግ ነው።

ጨቅላ ሕፃን በሄፓታይተስ ቢ ከተያዘ ከመቶ 90 በሚሆነው ላይ በሽታው ሥር ይሰድዳል፤ በአዋቂ ላይ ግን ከመቶ 5 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በእርግዝና ጊዜ መመርመር፣ ሕፃኑም በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት እንዲያገኝ መጠየቅ ለልጅ የሚተርፍ ውለታ ነው። «ወፍ ነው» ብሎ ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ማጠጣት ግን ሁለት ጉዳት ያስከትላል። ጊዜ ይገድላል፤ ቅጠሉ ራሱም የታመመውን ጉበት ሊመርዘው ይችላል።

ራሱን የሚተካ አካል

የጉበት ነገር የሚያስደንቅ ነው። ሂጊንስና አንደርሰን የተባሉ ሊቃውንት እ.አ.አ. በ1931 ከአይጥ ጉበት ሁለት ሦስተኛውን ቆርጠው ቢያወጡ የቀረው አድጎ መጠኑን መልሶ አገኘ። ዛሬ አባት ለልጁ ከጉበቱ ቆርጦ የሚሰጠው በዚሁ ተስፋ ነው። እ.አ.አ. በ2022 የታተመ ምርምርም የጉበታችን አማካይ ዕድሜ ከሦስት ዓመት ያነሰ መሆኑን ገልጿል፤ የሰውየው ዕድሜ 20ም ይሁን 80 ያው ነው።

ልብ ግን እንዲህ አይደለም። እ.አ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው የልብ ጡንቻ ሴሎች በ25 ዓመት ሰው ላይ በዓመት 1 ከመቶ ያህል ብቻ ይታደሳሉ፤ በ75 ዓመት ሰው ላይ ከግማሽ ከመቶም ያንሳል። የተጎዳ ልብ እንደ ጉበት ተመልሶ አያድግም። ጉበትም ቢሆን ለረጅም ዘመን ተጎድቶ ጠባሳ ከሞላው የመታደስ ኃይሉን ያጣል።

ለዚህ ነው ሳይንቲስቶች አካልን መልሶ ስለማደስ የሚደክሙት። የጃፓኑ ሺንያ ያማናካ እ.አ.አ. በ2006 የአይጥን፣ በ2007 ደግሞ የሰውን የቆዳ ሴል ማንኛውንም ዓይነት ሴል ሊሆን ወደሚችልበት ሁኔታ መለሰ፤ በ2012ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ2013 የጃፓን ተመራማሪዎች ከእንዲህ ዓይነት ሴሎች ትንንሽ የጉበት እምቡጦች ሠርተው በአይጥ ውስጥ ተከሉ። በ2024 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የጉበት ሴሎችን በአንድ ሕመምተኛ ንፍፊት ውስጥ በማስገባት ሁለተኛ ትንሽ ጉበት ለማሳደግ ሙከራ ተጀምሯል።

ተስፋው ታላቅ ነው፤ ገና በሙከራ ላይ መሆኑን ግን አንዘንጋ። «በስቴም ሴል ጉበትም ልብም እናድናለን» እያሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎች ይታያሉ። እውነተኛ ሙከራ የተመዘገበ ነው፤ ሕመምተኛውንም ለሙከራው ዋጋ ብዙ ጊዜ አያስከፍልም። ቤቱን ሸጦ ለመሄድ የተነሳ ዘመድ ካለን፣ አስቀድሞ የራሱን ሐኪም እንዲያማክር ማሳሰብ የዘመድ ግዴታ ነው።

ውድ አንባቢያን! ወደ ረከቦቱ እንመለስ። አቦሉን ጠጡ፤ ስኳሩን ቀንሱ። ልቧ የሚመታባትን እናት «ቡናውን ተዪ» ከማለት ይልቅ «ነይ፣ ነገ ሐኪም ቤት አደርስሻለሁ» እንበላት። ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ልጅ ከቅጠሉ በፊት ወደ ላቦራቶሪ እንውሰደው። ከጓዳ ያሉትንም ወንድሞቻችንን ወደ ቡናው እንጥራቸው፤ ሦስተኛው ስኒ በረካ ይባላልና እነሱም ከበረካው ይካፈሉ። አላህ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን።