አሃድ ቬክተር፦ መለኪያ አልባው አቅጣጫ ጠቋሚ

የመብራት ምሰሶ መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ብቻውን አይቆምም። ሽቦዎቹ ወደ አንድ ጎን ስለሚስቡት፣ በተቃራኒው በኩል ከላይ ወደ መሬት ሰያፍ የወረደ የብረት ገመድ ወጥሮ ይይዘዋል። ገመዱ ምሰሶው ላይ የታሰረው 8 ሜትር ከፍታ ላይ፣ መሬት የተቸከለው ደግሞ ከግርጌው 6 ሜትር ርቆ ነው እንበል። የገመዱ ርዝመት 10 ሜትር ይሆናል፤ ለዚህ ፓይታጎረስ ይበቃል። ገመዱ በ500 ኒውተን ጉልበት ቢወጠር ምሰሶውን ወደ ጎን በስንት ይስበዋል? ወደ ታችስ?

ቦታው የተለካው በሜትር፣ ጉልበቱ በኒውተን ነው። ሁለቱን የሚያገናኝልን አሃድ ቬክተር ነው። ከማሰሪያው እስከ ችካሉ ያለውን ርቀት፣ ማለትም ወደ ጎን 6 ሜትርና ወደ ታች 8 ሜትር፣ ለገመዱ ርዝመት ለ10 ሜትር እናካፍለዋለን። ሜትር ለሜትር ሲካፈል ይጣፋል። የሚተርፈን 0.6 እና 0.8 ነው፤ ምንም መለኪያ ያልተከተላቸው ባዶ ቁጥሮች። የሁለቱ ስኩዌር ሲደመር 1 ስለሚመጣ የዚህ ቬክተር ርዝመት 1 ነው። 1 ሜትር አይደለም፣ 1 ኒውተንም አይደለም፣ 1 ብቻ። የሚነግረን ነገር ቢኖር «ወዴት?» የሚለውን ነው። በ500 ኒውተን ስናባዛው 300 ኒውተን ወደ ጎን፣ 400 ኒውተን ወደ ታች እናገኛለን። ሜትሩ አቅጣጫውን አሳይቶ ከሒሳቡ ወጥቷል።

ተማሪዎች በብዛት የሚያውቋቸው አሃድ ቬክተሮች ግን ሰሌዳ ላይ ባርኔጣ ደፍተው የሚጻፉት አይ ሃት፣ ጄ ሃትና ኬ ሃት ናቸው። ፊደሎቹ የአየርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ የዊልያም ሃሚልተን ውርስ ናቸው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 16 ቀን 1843 ደብሊን ውስጥ በቦይ ዳር ሲሄድ ኳተርኒየን የተባሉት ቁጥሮቹ ድንገት ተገለጡለትና ቀመራቸውን በአንድ ድልድይ ድንጋይ ላይ ቀረጸው። የዬል ዩኒቨርሲቲው ዊላርድ ጊብስ ከዚያ ውስብስብ ሥርዓት ለፊዚክስ የሚጠቅመውን መርጦ በ1881 ለተማሪዎቹ ማስታወሻ አሳተመ። ዛሬ ክፍል ውስጥ የምንማረው ወደ ጊብስ ያደላል፤ እንደ እኔ ደግሞ እሰየው ነው።

ድመራ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። «3 ሜትር በአይ ሃት ሲደመር 4 ኒውተን በጄ ሃት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። አቅጣጫቸው ስለሚለያይ አይነካኩም ብሎም ይከራከራል። ርዝመቱን አስላ ቢባል ግን ስኩዌር ሜትርን ከስኩዌር ኒውተን ጋር መደመር ሊኖርበት ነው፤ እዚያ ላይ ክርክሩ ያበቃል። ሜትርና ሴንቲ ሜትር ዘመዳሞች ስለሆኑ አንዱን ወደ ሌላው ለውጦ መደመር ይቻላል። ሜትርና ኒውተንን ግን የሚያዛምድ የለም።

አይ ሃት የግድ ወደ ምሥራቅ መጠቆም የለበትም። ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ አንደኛው የመነሻ አቅጣጫ 07 ይባላል፤ ከማግኔታዊው ሰሜን 70 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ለሚነሳ አብራሪ የሚመቸው አይ ሃትን በመንደርደሪያው አቅጣጫ፣ ጄ ሃትን ወደ ቀኙ ማድረግ ነው። ከማማው «ነፋስ ከ100 ዲግሪ፣ 20 ኖት» ተብሎ ቢነገረው ልዩነቱ 30 ዲግሪ ስለሆነ፣ ከፊቱ 17 ኖት ገደማ፣ ከቀኙ 10 ኖት ይነፍስበታል። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ነፋስ የሚጠራው ከመጣበት አቅጣጫ ሲሆን ቬክተሩ የሚጠቁመው ወደሚሄድበት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች የመቀነስ ምልክት ይዘው ይገባሉ። አፍንጫውን በመንደርደሪያው አቅጣጫ እንዳደረገ፣ በአየሩ ውስጥ በ150 ኖት የሚበር አውሮፕላን ከመሬት አንጻር ወደ ፊት በ133 ኖት ገደማ ይጓዛል፣ ወደ ግራ ደግሞ በ10 ኖት ይገፋል።

ይኸው አብራሪ ጓንግዡ ሲደርስ ነገሩ ይለወጣል። በቻይናና በሩሲያ የነፋስ ፍጥነት የሚዘገበው በኖት ሳይሆን በሜትር በሰከንድ ነው፤ 1 ሜትር በሰከንድ ደግሞ 1.94 ኖት ያህል ነው። «10» የሚለውን ሰምቶ ከራሱ 150 ኖት ጋር እንዳለ ቢደምረው ነፋሱን በግማሽ ያህል አሳንሶታል። አሃድ ቬክተሩ በዚህ ላይ ምንም አይረዳውም፤ መለኪያ ስለሌለው ስህተቱን አያጋልጥም፣ የተሳለው ቀስትም ነፋሱ ወደሚሄድበት በትክክል ይጠቁማል። በአየር ሁኔታ ዘገባው ላይ መለኪያው ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ቦሌ ላይ «ኬቲ»፣ ጓንግዡ ላይ «ኤምፒኤስ»።