በአድርያኖስ ቅጽር ላይ ከልጆች ጋራ የአንድ ቀን የእግር ጉዞ

የሮም ቄሣር አድርያኖስ በ122 ዓ.ም. ወደ ብሪታንያ ደሴት በተሻገረ ጊዜ የግዛቱን የሰሜን ዳርቻ የሚከልል ታላቅ ቅጽር መሥራት ተጀመረ። ቅጽሩ በምሥራቅ ከታይን ወንዝ ተነሥቶ በምዕራብ እስከ ሶልዌይ የባሕር ወሽመጥ ድረስ 117 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታትና ቀኖች በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።) የሠሩትም የሦስት ሌጌዎን ወታደሮች ናቸው። ሌጌዎን የሚለውን ስም ልጆቻችን በጌርጌሴኖን አገር ከነበረው ሰው ታሪክ ያውቁታል፤ በሮም ሠራዊት ግን 5000 ያህል ወታደር የሚይዝ ክፍል ማለት ነው።

ብዙ ሰዎች ቅጽሩ ሰሜኑን ከደቡቡ ፈጽሞ የዘጋ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በየአንዳንዱ የሮማውያን ማይል በር ያለው ትንሽ ምሽግ፣ በምሽጎቹም መካከል ሁለት ሁለት የዘብ ማማዎች ነበሩ፤ ስለዚህ ሰውና ከብት በዘበኛ ዐይን ሥር ሊያልፍ ይችል ነበር። ሮማውያን ከሄዱ በኋላ የአገሬው ሰው ድንጋዩን እየነቀለ ቤትና በረት ሠራበት። ከመካከለኛው ክፍል ብዙው ሊተርፍ የቻለው በኒውካስል ከተማ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ የነበረው ጆን ክሌይተን (1792–1890) ቅጽሩ የሚያልፍበትን እርሻ በየጊዜው እየገዛ ነቀላውን ስላስቆመና የወደቀውን መልሶ ስላስካበ ነው።

መንገዱን ሁሉ በእግር ለመጨረስ ሳምንት ያህል ይፈጃል። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን ስቲል ሪግ ከሚባለው ስፍራ ተነሥቶ ሀውስስቴድስ እስከሚባለው ምሽግ ያለው 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይበቃል። እኛም ባለፈው ነሐሴ በኒውካስል ከምትኖረው እኅቴ ዘንድ በእንግድነት በሄድን ጊዜ የመረጥነው ይህንኑ ነው። የተሳፈርንበት አውቶቡስ ቍጥሩ 122 ሲሆን፣ ይህም ቅጽሩ የተጀመረበት ዓመት መሆኑን ታላቁ ልጃችን ከኔ ቀድሞ ነገረን።

ርቀቱ አጭር ቢመስልም መንገዱ ሜዳ አይደለም። ሮማውያን ቅጽሩን በጥቁር ዐለት ገደል አናት ላይ ስለ ካቡት፣ መንገዱ ደጋግሞ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወዲያውም በድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ዝናቡም ሳይታሰብ ይመጣል። ሹራብና የዝናብ ልብስ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ስንቅና ውሃ ያስፈልጋል፤ እኛ እኅቴ በቋጠረችልን ዳቦና ቆሎ ተበራታን። በሰሜን በኩል ገደል ስለ ሆነ የትንንሽ ልጆችን እጅ መልቀቅ አይገባም።

በሁለት ኮረብታ መካከል ባለች አንዲት ጐድጓዳ ስፍራ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ አንድ ዛፍ ብቻውን ቆሞ ነበር። እንግሊዞች ሲካሞር ይሉታል፤ ስሙ ዘኬዎስ የወጣበትን ሾላ ያስታውሳል፣ ዛፉ ግን ሌላ ነው። በሴፕቴምበር ወር 2023 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች በአንድ ሌሊት በመጋዝ ጣሉት፤ በ2025 ዓ.ም. በእያንዳንዳቸው ላይ የ4 ዓመት ከ3 ወር እስራት ተፈረደ። ታናሺቱ ልጃችን «ለምን ቈረጡት?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ። ከጕቶው ግን በ2024 ዓ.ም. አዲስ ቀንበጥ አቈጥቍጧል።

ሀውስስቴድስ 800 ያህል ወታደሮች የሚሰፍሩበት ምሽግ ነበር። ባለቤቴ ከሁሉ ይልቅ ያደነቀችው ጎተራውን ነው። እርጥበት እህሉን እንዳያበላሸው ወለሉን በአጫጭር የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ ከፍ አድርገው ሠርተውታል፤ የኛም ገበሬ ጎተራውን ከመሬት ከፍ የሚያደርገው በዚሁ ምክንያት ነው። ልጆቹን ያሳቃቸው ግን ወታደሮቹ ያለ አንዳች መጋረጃ ጐን ለጐን ይቀመጡበት የነበረው መጸዳጃ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢን የሚመለከት አንድ ታሪክም አለ። በሰሜን አፍሪካ ተወልዶ ቄሣር የሆነው ሴቬሮስ ወደ ብሪታንያ ዘምቶ በ211 ዓ.ም. በዮርክ ሞተ። ከብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈ አንድ የቄሣሮች ታሪክ፣ ሴቬሮስ ቅጽሩን ተመልክቶ ሲመለስ አንድ «ኢትዮጵያዊ» ወታደር የፈረንጅ ጥድ አክሊል ይዞ እንደ ገጠመውና ቄሣሩም ይህን የሞት ምልክት አድርጎ እንደ ደነገጠ ይተርካል። መጽሐፉ ተረት የሚቀላቅል ስለ ሆነ፣ ሮማውያንም ጥቁርን ሰው ሁሉ ኢትዮጵያዊ ይሉት ስለ ነበር፣ ወታደሩን የአክሱም ሰው ነው ብሎ ለመኵራት መቸኰል አይገባም። በቅጽሩ ምዕራባዊ ክፍል ከሰሜን አፍሪካ የመጣ ጭፍራ ሰፍሮ እንደ ነበረ ግን የድንጋይ ጽሑፍ ይመሰክራል።

ከቀትር በኋላ በዚያው አውቶቡስ ከቅጽሩ በፊት ወደ ተመሠረተው ምሽግ ወደ ቪንዶላንዳ ወረድን። በዚህ ምሽግ ውስጥ ከነበረ የቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ የስድስተኛው መቶ ዓመት የእርሳስ ጽዋ ስብርባሪ ተገኝቶ በ2020 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል፤ መስቀል፣ ዓሣና መርከብ ተቀርጸውበታል። ስፍራውን ስመ ጥር ያደረጉት ግን ደብዳቤዎቹ ናቸው። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የጥንት ቅርስ መርማሪው ሮቢን በርሊ አየር ከማይገባው እርጥብ አፈር ውስጥ፣ እንደ ልጥ የሳሱ፣ በቀለም የተጻፉ የእንጨት ገጾች እያወጣ አስነበበ። አንዱ ደብዳቤ ለወታደር ካልሲና ሙታንታ መላኩን ይገልጻል፤ እኛም ሁለቱንም ስሞች ከጣልያን መዋሳችንን ሳስብ ፈገግ አልሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በ100 ዓ.ም. ገደማ የአንድ የጦር አዛዥ ሚስት ክላውዲያ ሴቬራ ለሌላው አዛዥ ሚስት ለሱልፒክያ ሌፒዲና የላከችው ነው። ለልደቷ ቀን እንድትመጣላት ትጋብዛታለች፤ ቀኑም ሴፕቴምበር 11 ነው። ዕንቍጣጣሽ በሚውልበት ቀን መሆኑ ልጆቹን እጅግ ደስ አሰኛቸው፤ የዚያ ዘመን አቈጣጠር ከዛሬው ስለሚለይ አጋጣሚ እንጂ ሌላ ምሥጢር እንደሌለው ነገርኋቸው፤ አልሰሙኝም። ደብዳቤውን የጻፈው ጸሐፊ ነው፤ ከግርጌው ግን ሴቬራ ራሷ ብዕሩን ተቀብላ ወዳጅዋን እኅቴ እያለች ጥቂት ቃል ጨምራበታለች። በሴት እጅ ከተጻፉት የላቲን ጽሑፎች ሁሉ ከጥንታውያኑ አንዱ ይህ ነው። ደብዳቤው ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ የጸሐፊውን የሠለጠነ እጅና የርሷን ብዙ ያልለመደ ጽሕፈት ላቲን የማያውቅ ሕፃን እንኳ ለይቶ ሊያሳይ ይችላል።