«ጠንካራ ፍራሽ»፦ ጥንካሬ፣ ዘላቂነትና የወገብ ጤና

ፍራሽ በገበያ ላይ በአብዛኛው የሚፈተሸው በመዳፍ ነው። ገዥው ስፖንጁን ጫን ያደርገዋል፤ ቶሎ ከሰረጎደ ይተወዋል፣ እጁን ከመለሰለት ደግሞ «ጠንካራ ነው» ብሎ ዋጋ ወደ መጠየቅ ይሻገራል። በአማርኛ ይህ ቃል ሁለት ነገር ይናገራል፤ አንድም አለመስረጎዱን፣ አንድም ብዙ ዓመት ማገልገሉን። በዕለታዊ ንግግር ጉዳት የሌለው ይህ መደራረብ ፍራሽ ሲገዛ ግን ገንዘብም ጤናም ያስከፍላል፤ ሁለቱ ባሕርያት የሚመነጩት ከተለያየ ምንጭ ነውና። ስለዚህ ከዚህ በታች «ጥንካሬ» የተባለው ፍራሹ ጭነትን የሚቋቋምበት ኃይል ብቻ ሲሆን፣ ረጅም ማገልገሉ «ዘላቂነት» ተብሏል።

የስፖንጅ ፍራሽ ከፖሊዩሬቴን የሚሠራ፣ በአየር ቀዳዳዎች የተሞላ አረፋ ነው። ጥንካሬው የሚለካው በኃይል ነው፤ አይኤስኦ 2439 በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ክብ ሳህን በናሙናው ላይ ተጭኖ ውፍረቱን በ40 በመቶ ለመቀነስ የሚያስፈልገው ኃይል በኒውተን ይመዘገባል። እፍግታ ግን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው ክብደት ነው። አምራቹ የኬሚካል ቅመራውን በመለወጥ እኩል እፍግታ ያላቸውን ሁለት ስፖንጆች አንዱን ልል፣ ሌላውን ጠንካራ አድርጎ ማውጣት ይችላል። እፍግታው ዝቅተኛ የሆነ ስፖንጅም በሱቅ ውስጥ መዳፍን ሊገፋ ይችላል፤ ይሁንና ጭነት በተመላለሰበት ቁጥር ስስ የሆኑት የቀዳዳዎቹ ግድግዳዎች እየደከሙ ዳሌ የሚያርፍበት ቦታ ይጎደጉዳል። ዘላቂነትን ለመገመት ከጥንካሬ ይልቅ እፍግታ የተሻለ ምልክት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እፍግታን ለማወቅ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ሚዛንና ሜትር ይበቃል። ርዝመቱ 1.90፣ ስፋቱ 1.20፣ ውፍረቱ 0.20 ሜትር የሆነ ፍራሽ ይዘቱ 0.456 ሜትር ኩብ ነው። ስፖንጁ 9.1 ኪሎ ግራም ቢመዝን እፍግታው በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ግራም ገደማ፣ 13.7 ቢመዝን ደግሞ 30 ገደማ ይሆናል። የልባሱ ክብደት መቀነስ አለበት። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ያለ ዱቄት በስፖንጁ ውስጥ ከተቀላቀለ ክብደቱን ከፍ ያደርጋል እንጂ ዕድሜውን አያረዝምም።

የጥጥ ፍራሽ ሲጠቀጠቅ ተተርትሮ ጥጡ ዳግም ሊነደፍ ይችላል፤ የደከመ ስፖንጅ ይህ ዕድል የለውም። በስፕሪንግ ፍራሽ ጥንካሬን የሚወስኑት የሽቦው ውፍረትና የጥቅሉ አሠራር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 በናሳ ምርምር ውስጥ ለአውሮፕላን መቀመጫ ተብሎ የተፈለሰፈው ሜሞሪ ፎም ደግሞ ጥንካሬው ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል፦ ሲሞቅ ይለዝባል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። አንዱ ፍራሽ በደብረ ብርሃን ሌሊትና በአዋሽ ሸለቆ አንድ ዓይነት ስሜት አይሰጥም ማለት ነው።

ለወገብ ሕመምተኛ «ጠንካራ ላይ ተኛ» የሚለው ምክር በብዙ አገር የቆየ ነው። በመደብና በጀንዲ ላይ ላደገ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ፍራንሲስኮ ኮቫክስና ባልደረቦቻቸው በስፔን አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2003 በላንሴት መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ምክር በቀጥታ ፈትኗል። መነሻው በውል ያልተለየ የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ጠንካራ፣ ገሚሶቹ መካከለኛ ፍራሽ ተሰጣቸው፤ የትኛው እንደደረሳቸው ራሳቸውም ሆኑ መዛኞቹ አያውቁም ነበር። ከ90 ቀናት በኋላ በሁለቱም ወገን መሻሻል ታየ፤ ነገር ግን በመካከለኛው ላይ የተኙት በአልጋ ላይ ሳሉና ሲነሡ የሚሰማቸው ሕመም፣ እንዲሁም ከሕመሙ የተነሣ የሚገጥማቸው የእንቅስቃሴ ችግር ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ነባር ፍራሹን ይዞ የቀጠለ ቡድን ስላልነበረ ከመሻሻሉ ምን ያህሉ አዲስ ፍራሽ ከማግኘት ብቻ እንደመጣ መለየት አይቻልም። ጥናቱ ስለ ጤናማ ሰዎችም የሚናገረው ነገር የለም።

ቁጥሮቹን ለሚጠቅስ አንድ ወጥመድ አለ። ጥናቱ በተጠቀመበት የአውሮፓ መለኪያ 1 እጅግ ጠንካራው፣ 10 እጅግ ልሉ ነው፤ ጠንካራው ፍራሽ 2.3፣ መካከለኛው 5.6 ነበር። በአሜሪካ ሻጮች ዘንድ የተለመደው መለኪያ ግን ተገልብጦ ከልል ወደ ጠንካራ ይቆጥራል፤ በዚያ 2.3 የሚያመለክተው እጅግ ልል ፍራሽን ነው።

«መካከለኛ» የሚለው ደረጃም ያለ ተኚው አይወሰንም። 90 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ሰው አስምጦ አከርካሪውን የሚያጎብጥ ፍራሽ፣ 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝነው ብዙም አይሰረጎድም። በጎኑ የሚተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ጥቂት ካልገቡለት ጫናው በሁለቱ ነጥቦች ላይ ይከማቻል፤ በጀርባው የሚተኛው ግን ጭነቱ በሰፊው ስለሚከፋፈል ጠንከር ያለውን በቀላሉ ይችላል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ መዳፍ የማይመልሰውን ጥያቄ ለመመለስ፣ ገዥው በተለመደ አተኛኘቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ጋደም ማለት ይኖርበታል፤ ባልና ሚስት ከሆኑም ሁለቱም በአንድነት።