መርፌና ክሩን እንደገና ላነሡ ወገኖች

በሀገር ቤት ሳሉ ጥልፍ ይጠልፉ የነበሩ፣ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ግን በሱቅና በታክሲ ሥራ ምክንያት መርፌውን ያስቀመጡ ወገኖች ብዙ ናቸው። ልጆች ራሳቸውን ችለው ፋታ ሲገኝ ወደ ቀድሞው ሙያ መመለስ ደስ ያሰኛል። እጅ ሙያውን ባይረሳም ይፈዛልና ከቀሚስ በፊት በትራስ ልብስ መጀመር ይሻላል።

ጥያቄ የሚነሣው ጥልፉ ተወድዶ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ነው። ለጊዜ ማሳለፊያ የተሠራም ቢሆን የሽያጩ ገቢ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት (አይ.አር.ኤስ.) መገለጽ አለበት። እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ከታየ የስፌት መኪና ማስጠገኛንና የባዛር ጠረጴዛ ኪራይን የመሳሰለው ወጪ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ከገቢው ላይ አይቀነስም። ከ5 ዓመት በ3ቱ ያተረፈ ግን ንግድ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ወጪውም ይቀነስለታል።

በግል ሥራ የተጣራ ትርፉ 400 ዶላር የደረሰ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ይከፍላል። ባለታክሲው ራሱ የሚጠልፍ ከሆነ የሁለቱ ሥራ ትርፍ ይደመራል፤ የምትጠልፈው ሚስቱ ከሆነች ግን የእርስዋ ለብቻው ይሰላል።

ከሁሉ የሚያሰጋው የቪዛ ጉዳይ ነው። በጉብኝት ቪዛ የመጡ እናት ለልጅ ልጃቸው ቢጠልፉ የሚከለክላቸው የለም። ሥራቸው በሱቅ ከተሸጠ ግን ያለ ፈቃድ እንደ መሥራት ሊቆጠርና ለወደፊት ማመልከቻቸው እንቅፋት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመሸጥ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ መጠየቅ፣ የክሩንና የጨርቁንም ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ማስቀመጥ ይበጃል።