ሂጂኪ፦ ከሥር ቁራጭ የሚፈላው የባሕር ምግብ

በጃፓን ገበያ ደርቆ የሚሸጠው ሂጂኪ የተባለው የባሕር አረም ጥቁር ነው፤ ባሕር ውስጥ ሳለ ግን መልኩ ቡናማ ነው። የሚያጠቁረው ተቀቅሎ መድረቁ ነው። ቤተሰቦች ከካሮትና ከተጠበሰ ቶፉ ጋር በአኩሪ አተር ስጎ ያበስሉታል። መርዛማው አርሴኒክ ስለሚገኝበት የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ በ2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሕዝቡ እንዳይበላው መክሯል። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት የአርሴኒኩን መጠን ይቀንሰዋል።

ሂጂኪ የሚበቅለው ባሕሩ ሲሞላ በሚሰጥሙ፣ ሲሸሽ በሚራቆቱ ዐለቶች ላይ ነው። ዐለቱን ጨብጦ የሚይዘው እንደ ክር በቀጠነ ሥር ነው። ይህ ሥር እንደ የብስ ተክል ሥር ምግብ አይስብም፤ ምግቡን የሚወስደው መላ አካሉ ነው። ሥሩ ግን ሌላ ድንቅ ችሎታ አለው። የባሕሩ ሙቀት ሲጨምር ወንዴውና ሴቴው ዘራቸውን ይለቃሉ፤ ከዚያ ግንዱ ይበሰብሳል። ሥሩ ዐለቱ ላይ ተጣብቆ ሙቀቱን ያሳልፍና ቅዝቃዜው ሲመለስ አዲስ ቡቃያ ያወጣል።

ጃፓናውያን ከሚበሉት ሂጂኪ አብዛኛው የሚመጣው ከኮሪያና ከቻይና ነው። የእነዚህ አገሮች አልሚዎች ለጋውን ሂጂኪ ከነሥሩ ከዐለት እየነቀሉ በገመድ ግማድ መሐል ይሰኩት ነበር። ገመዱ ሲለመልም ዐለቱ ይራቆታል፤ የተነቀለ ሥር በዚያ ቦታ ዳግም አይበቅልምና።

መፍትሔው ከሥሩ ከራሱ ተገኘ። ከተሰበሰበ በኋላ የቀረው ሥር ከተጣበቀበት ሌላ አረምና ትንንሽ እንስሳት ይጸዳል፤ ከዚያ ከአንድ ሴንቲሜትር ባነሱ ቁርጥራጮች ይከተፋል። ንጹሕ የባሕር ውሃና በቂ ብርሃን ባለበት ገንዳ ውስጥ ሲቆይ፣ ቁራጩ ቡቃያ ያወጣል፤ ሥሩም ይረዝማል። የጉራጌ ገበሬ አንዱን የእንሰት አሚቾ ቆርጦ ቀብሮ ብዙ ችግኝ እንደሚያፈላ፣ እዚህም አንድ ሥር ብዙ ይሆናል። ችግኙ ሲጠና ገመድ ላይ ተሰክቶ ወደ ባሕር ይወርዳል።

ዘዴው እጅግ ጠቃሚ ነው። ረዥምና ፈጥኖ የሚያድግ ሂጂኪ የተገኘ እንደሆነ ባሕርዩ ሳይለወጥ ይባዛል፤ የዱሩም ዐለት ያርፋል። ነገር ግን ከአንድ ሥር የወጡት ሁሉ ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጾታቸውም ሳይቀር አንድ ነው። አንዱን የሚጥል በሽታ ሌላውንም ሊጥል ይችላል። ስለዚህ አልሚዎች ከወንዴና ከሴቴ ዘር የተገኘ ችግኝም አብረው ማሳደግ ይኖርባቸዋል።