በአነስተኛ ባጀት የጌም ኮምፒውተር ለመገጣጠም

ሌክውድ ሆኜ የጌም ኮምፒውተሬን ስገጣጥም ባጀቴን የደለደልኩት እንዲህ ነው። ትልቁን ድርሻ የያዘው ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ለ1080ፒ ስክሪን 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው አርኤክስ 6600 ይበቃኛል። ፕሮሰሰሩ ባለ 6 ኮር ራይዘን 5 5600 ነው። የሚገጠመው ኤኤም4 ማዘርቦርድ ላይ ስለሆነ ራሙ ዲዲአር4 መሆን አለበት፤ ዲዲአር5 አይገባለትም።

ኬዙ ላይ ቆጥቡ፤ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ግን አትቆጥቡ። ርካሹ ሲበላሽ ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። እንደ እኔ ኮምፒውተሩን በኋላ አዲስ አበባ ላለ ታናሽ ወንድም ለመላክ ካሰባችሁ ደግሞ፣ ዴንቨር ማይክሮ ሴንተር ስትሄዱ 100–240 ቮልት የሚል መሆኑን አንብቡ። የእዚህ መብራት 120 ቮልት፣ የአገር ቤቱ 220 ነው፤ ለ120 ብቻ የተሠራ እዚያ እንደተሰካ ይቃጠላል።